ሱፐርኮንዳክተር ሲባል «ስንት ዲግሪ?» ብቻ አይጠየቅ፤ አዙሪቱስ ተይዟል?

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 ከደቡብ ኮሪያ አንድ ዜና ወጣ። «ኤልኬ-99» የተባለ ግራጫ ቁራጭ በተራ የክፍል ሙቀት፣ እንዲያውም እስከ 127 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ፣ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ብክነት ያስተላልፋል ተባለ። ቁራጩ በማግኔት ላይ ጋደል ብሎ ከፊሉ ሲንሳፈፍ የሚያሳየው ቪዲዮ በየስልኩ ዞረ። በሳምንታት ውስጥ ግን ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ያንኑ ቁስ ሠርተው ሲለኩት ነገሩ ፈረሰ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ደግሞ «ኔቸር» የተሰኘው መጽሔት ስለ ሌላ የክፍል ሙቀት ሱፐርኮንዳክተር ያወጣውን ጽሑፍ ሰረዘ።

ተስፋው ግን አልሞተም። የሕዳሴ ግድብ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ከተመረቀ ወዲህ ባሕር ዳርን በመሰለች፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣባት ከተማ፣ ወሬው ኃይል ከማመንጨት ወደ ማድረስ ማዞሩ አይገርምም። «እንዲህ ያለ ሽቦ ቢገኝ መብራት አይጠፋም፣ በመንገድ የሚባክን ኃይል አይኖርም» የሚለው አስተያየት ከዚህ የመጣ ነው። በዚህ ሁሉ ወሬ ውስጥ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ቁሱ በስንት ዲግሪ ይሠራል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብቻውን ግን ያሳስታል። አንድ ሱፐርኮንዳክተር ጥቅም ላይ ለመዋሉ ወሳኙ፣ ወደ ውስጡ የሚገቡት ጥቃቅን የመግነጢስ አዙሪቶች ባሉበት መቆየታቸው ነው።

የሚገፋና የሚያስገባ

ሱፐርኮንዳክተር ማለት ከተወሰነ ሙቀት በታች ሲቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው (ሬዚስታንሱ) የሚጠፋ ቁስ ነው። መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1911 በኔዘርላንድስ ላይደን ከተማ ነው፤ ሄይክ ካመርሊንግ ኦነስ ሜርኩሪን ወደ 4.2 ኬልቪን ሲያወርደው ተቃውሞው ድንገት ጠፋ። ኬልቪን ከፍጹማዊው ዜሮ፣ ማለትም ከ273.15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች፣ የሚቆጠር የሙቀት መለኪያ ነው። በ1933 ደግሞ ማይስነርና ኦክሰንፌልድ ሁለተኛውን ጠባይ አገኙ፤ ሱፐርኮንዳክተር መግነጢሳዊ መስክን ከውስጡ አስወጥቶ ይገፋል።

መግፋቱ ገደብ አለው። እንደ እርሳስ፣ ቆርቆሮና ሜርኩሪ ያሉት «ዓይነት አንድ» ይባላሉ፤ መስኩ አንድ አሥረኛ ቴስላ (ቴስላ የመግነጢሳዊ መስክ ብርታት መለኪያ ነው) እንኳ ሳይደርስ ሱፐርኮንዳክተርነታቸው ድራሹ ይጠፋል። ኦነስ ከነዚህ ሽቦዎች ኃይለኛ ማግኔት የመሥራት ሐሳቡ ሳይሳካ የቀረው ለዚህ ነው። «ዓይነት ሁለት» የሚባሉት ግን መስኩ ሲበረታባቸው ሙሉ በሙሉ ከመሸነፍ ይልቅ በቀጫጭን ክር መልክ እንዲገባ ይፈቅዳሉ። ይህን በሒሳብ ያሳየው የሶቪየት ፊዚክስ ሊቅ አሌክሲ አብሪኮሶቭ ነው፤ መነሻው የአገሩ ሊቃውንት ጊንዝቡርግና ላንዳው በ1950 ያወጡት እኩልታ ነበር። ላንዳው ሐሳቡ ስላልተዋጠላቸው ሥራው ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ አደረ ይባላል፤ የታተመው በ1957 ሲሆን የኖቤል ሽልማቱ የመጣው በ2003 ነው።

አንዱ አዙሪት በቅርብ ሲታይ

እያንዳንዱ ክር መሐሉ ላይ ሱፐርኮንዳክተርነቱ የጠፋበት እምብርት አለው። በእምብርቱ ዙሪያ ከረንት (የኤሌክትሪክ ፍሰት) ሳያቋርጥ ይሽከረከራል፤ አዙሪት (ቮርቴክስ) የተባለውም ለዚህ ነው። እምብርቱና በዙሪያው የሚሽከረከረው ከረንት ስፋታቸው ይለያያል። ለሱፐርኮንዳክተር ከፍተኛ በሚባል ሙቀት ከሚሠሩት አንዱ በሆነው ዋይቢሲኦ፣ ማለትም የኢትሪየም፣ የባሪየም፣ የመዳብና የኦክስጅን ውሁድ ውስጥ፣ የእምብርቱ ራዲየስ 1.5 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው) ገደማ ነው፤ ዙሪያውን ያለው ከረንት ግን እስከ 150 ናኖሜትር ይዘረጋል።

አስደናቂው ነገር የአዙሪቶቹ አንድ ዓይነትነት ነው። ቁሱ ኒዮቢየም የተባለው ብረት ይሁን ዋይቢሲኦ፣ እያንዳንዱ አዙሪት የሚሸከመው የመግነጢስ ፍሰት በትክክል ያው ነው፤ 2.07 ሲባዛ 10⁻¹⁵ ዌበር (የመግነጢስ ፍሰት መለኪያ)። መጠኑ የፕላንክ ቁጥር ለኤሌክትሮን ቻርጅ እጥፍ ተካፍሎ የሚገኝ ነው፤ እጥፍ የሆነበት ምክንያት በሱፐርኮንዳክተር ውስጥ ኤሌክትሮኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚጓዙ ነው። ስለዚህ መስኩ ከታወቀ አዙሪቶቹን መቁጠር ቀላል ማካፈል ነው። በ1 ቴስላ መስክ ሦስት ማዕዘናዊ ሰልፍ ሠርተው በመካከላቸው 49 ናኖሜትር ያህል ርቀት ይኖራል። ይህን ሰልፍ ኤስማንና ትሮይብለ በ1967 የቀዘቀዘ ሱፐርኮንዳክተር ላይ እጅግ የደቀቀ መግነጢሳዊ ብናኝ በትነው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶ አንስተውታል።

ስሌቱን ወደ ባሕር ዳር እናምጣው። የመሬት መግነጢሳዊ መስክ በዚህ አካባቢ 36 ማይክሮቴስላ ገደማ ነው፤ የመግነጢስ ወገብ ኢትዮጵያን አቋርጦ ስለሚያልፍ መስኩ ወደ መሬት ዘልቆ የሚገባ ሳይሆን ወደ አግድም የተጠጋ ነው። አንድ ስስ የኒዮቢየም ጠፍጣፋ ወደ ሰሜን ፊቱን አዙሮ ቆሞ ቢቀዘቅዝና መስኩን በሙሉ ይዞ ቢያስቀር፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር ከ17,000 በላይ አዙሪቶች ይኖሩታል። ያው ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ቢቀዘቅዝ የሚያገኘው የዚያን ጥቂቱን ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ናሙናው በየት በኩል እንደዞረ ሳይመዘገብ የተወሰደ ልክ ስንት ዋጋ እንዳለው ከዚህ መገመት ይቻላል።

ተቃውሞ የሚመለስበት መንገድ

በሱፐርኮንዳክተሩ ውስጥ ከረንት ሲያልፍ እያንዳንዱን አዙሪት ወደ ጎን ይገፋዋል። አዙሪቱ ከተንቀሳቀሰ እምብርቱ ውስጥ ያሉት ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖች ኃይል ያባክናሉ፤ በቁሱ ላይ ቮልቴጅ ይታያል፣ ሙቀት ይፈጠራል። ማለትም ቁሱ ገና ሱፐርኮንዳክተር እንደሆነ፣ ከመሸጋገሪያ ሙቀቱ በብዙ ርቆ እያለ፣ ተቃውሞ ያሳያል።

ፍጥነቱ ትንሽ መሆኑ አያድንም። በሙያው የተለመደው መስፈርት በአንድ ሴንቲሜትር ርዝመት 1 ማይክሮቮልት ሲታይ ሽቦው የከረንት ጣሪያውን ነክቷል የሚል ነው። በ1 ቴስላ መስክ ውስጥ ይህ ቮልቴጅ የሚመጣው አዙሪቶቹ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ብቻ ሲንፏቀቁ ነው።

ስለዚህ መያዝ አለባቸው። የሚይዛቸው ደግሞ በቁሱ ውስጥ ያለ ጉድለት ነው። አዙሪት እምብርቱን ሱፐርኮንዳክተር ባልሆነ ነጥብ ላይ ካሳረፈ ኃይል ይቆጥባልና ከዚያ መላቀቅ ይከብደዋል፤ ይህ «ፒኒንግ» ይባላል። ችካል ላይ የታሰረ ታንኳን ማሰብ ይረዳል፤ ከረንቱ እንደ ነፋስ በአንድ አቅጣጫ ይገፋዋል፣ ሙቀቱ ደግሞ እንደ ማዕበል እያነቃነቀ ገመዱን ያላላል። በሙቀት ምክንያት አንዳንዱ አዙሪት ከችካሉ ዘሎ ወደ ሌላ መሄዱን ፊሊፕ አንደርሰን በ1962 አስረድቷል። በኤምአርአይ ማሽን ውስጥ መስኩ በጣም ቀስ እያለ የሚቀንስበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የችካሉ መጠን የዘፈቀደ አይደለም፤ ከእምብርቱ ስፋት ጋር መመጣጠን አለበት። ለኤምአርአይና ለቅንጣት ማፋጠኛ ማግኔቶች የሚያገለግለው የኒዮቢየምና የቲታኒየም ሽቦ ሲሠራ፣ 47 በመቶ ክብደቱ ቲታኒየም የሆነው ቅይጥ እየተጎተተ ይቀጥናል፣ ወደ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሞቃል፣ እንደገና ይጎተታል። በማሞቁ ጊዜ ቲታኒየም ብቻውን ተለይቶ ይቋጠራል፤ በመጎተቱ ጊዜ ቋጠሮው ጥቂት ናኖሜትር ውፍረት ወዳለው ቅጠል ይለወጣል። ማሞቁ ካነሰ ችካሉ ይጎድላል። መጎተቱ ገና ከሆነ ቅጠሉ ይወፍራል፤ ከልክ ካለፈም ከአዙሪቱ እምብርት አንሶ መያዝ ያቅተዋል። በአጭሩ፣ ንጹሕና እንከን የለሽ ክሪስታል ለማግኔት ሽቦ የማይረባ ነው፤ ጥሩ ሽቦ የሚባለው በብልሃት የተበላሸው ነው።

መያዙ በድንገት ቢሸነፍስ? በ4 ኬልቪን አካባቢ ብረታ ብረት ሙቀት የመሸከም አቅሙ እጅግ ትንሽ ነው። የተወሰኑ አዙሪቶች በአንድ ላይ ሲዘሉ የሚፈጠረው ሙቀት ቦታውን ያሞቃል፣ የሞቀው ቦታ ሌሎች አዙሪቶችን ይለቃል፤ ሰንሰለቱ ካልተቋረጠ ጥቅሉ በሙሉ ወደ ተራ ብረትነት ይመለሳል። ይህ «ኩዌንች» ይባላል። ለመከላከል ሱፐርኮንዳክተሩ እንደ አንድ ወፍራም ሽቦ ሳይሆን በመዳብ ውስጥ እንደተቀበሩ ብዙ ሺሕ ክሮች ይሠራል። በአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ቤተ ሙከራ በሰርን፣ ትልቁ የሃድሮን ማጋጫ በተባለው ማፋጠኛ፣ የእያንዳንዱ ክር ውፍረት ከ6 እስከ 7 ማይክሮሜትር ነው። አደጋ ሲመጣ መዳቡ ከረንቱን ለአፍታ ይቀበላል። በዚያው ማጋጫ ሴፕቴምበር 19 ቀን 2008 የደረሰው ጉዳት መነሻው አዙሪት ሳይሆን በሁለት ማግኔቶች መካከል በደንብ ያልተገጠመ የሽቦ መገጣጠሚያ ነበር፤ 6 ቶን ያህል ማቀዝቀዣ ሂሊየም አምልጧል።

ፕሮቶንን ለመመርመር ተቃራኒው ያስፈልጋል

ኒውክሊዮን የሚባሉት ፕሮቶንና ኒውትሮን ናቸው። የፕሮቶንን ውስጥ ለማየት ኤሌክትሮን አፋጥኖ መተኮስ ያስፈልጋል፤ በአሜሪካ ቨርጂኒያ የሚገኘው የጀፈርሰን ቤተ ሙከራ ኤሌክትሮኖችን እስከ 12 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣት ኃይል መለኪያ) የሚያደርሰው ወደ 2 ኬልቪን በቀዘቀዙ የኒዮቢየም ጉድጓዶች (ካቪቲዎች) ነው። በነዚህ ውስጥ መስኩ በሰከንድ 1.5 ቢሊዮን ጊዜ ይገላበጣል። አዙሪቱ ችካሉን ባይለቅም ባለበት ይወዛወዛል፤ ውዝዋዜው ሙቀት ነው። ስለዚህ ማግኔት ሠሪው ጉድለት ሲያበዛ ጉድጓድ ሠሪው ጉድለትን ያጠፋል። ኒዮቢየሙን በከፍተኛ ሙቀት በቫኪዩም (አየር በሌለበት) ያክማል፣ የመሬትን መስክ በኒኬል ቅይጥ ጋሻ ከማይክሮቴስላ በታች ያወርዳል። ሲያቀዘቅዝም ሆን ብሎ ከአንድ ጫፍ ጀምሮ በሰፊ የሙቀት ልዩነት ነው፤ የሚገፋው የቅዝቃዜ ግንባር አዙሪቶቹን ጠርጎ እንዲያወጣ። ሁሉንም እኩል በቀስታ ማቀዝቀዝ ጥንቃቄ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን የታሰሩ አዙሪቶች ነው።

ስለ ፕሮቶን እስካሁን የተገኘው ዕውቀት ራሱ ብዙ ክፍተት ያለበት ነው። ፕሮቶን ኳርክ የሚባሉ ሦስት ቅንጣቶች አሉት ይባላል፤ የሦስቱ ክብደት ሲደመር ግን ከፕሮቶን ክብደት፣ በኃይል ሲገለጽ ከ938 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ውስጥ፣ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቀሪው የሚመጣው ኳርኮቹን ከሚያስተሳስሩት ግሉኦኖችና ከእንቅስቃሴያቸው ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በሰርን የተደረገ ልኬት የፕሮቶን ሽክርክሪት (ስፒን) ከኳርኮቹ ስፒን ብቻ እንደማይመጣ አሳይቷል፤ ዛሬ ድርሻቸው ሲሶ ገደማ እንደሆነ ይታሰባል። የፕሮቶን ራዲየስም ከ2010 ጀምሮ አከራክሯል። በኤሌክትሮን ፈንታ ከባዱን ሙዮን በያዘ ሃይድሮጅን የተለካው 0.84 ፌምቶሜትር (ፌምቶሜትር የናኖሜትር ሚሊዮንኛ ነው) ከቀድሞው 0.877 አንሶ ተገኘ፤ በ2019 የወጡ ሁለት ልኬቶች ወደ አነስተኛው አዘነበሉ።

የሱፐርኮንዳክተር አዙሪት እዚህ ላይ በሐሳብም ይገባል። ኳርክ ብቻውን ታይቶ አያውቅም። በ1970ዎቹ ናምቡ፣ ት ሆፍትና ማንደልስታም የተባሉ የፊዚክስ ሊቃውንት ያቀረቡት ማብራሪያ ባዶ የሚመስለው ኅዋ ራሱ እንደ ተገላቢጦሽ ሱፐርኮንዳክተር ነው የሚል ነው። በተራው ሱፐርኮንዳክተር የመግነጢስ ፍሰት በቀጭን ክር እንደሚታፈን፣ በዚህኛው ኳርኮችን የሚያስተሳስረው፣ «የቀለም» የሚባለው መስክ በቱቦ ይታፈናል። ቱቦው በእያንዳንዱ ፌምቶሜትር 1 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ኃይል ይይዛል፤ ይህ ከ16 ቶን ክብደት ጋር የሚተካከል ጉተታ ነው። ኳርኮቹን ይበልጥ ቢያራርቋቸው በቱቦው ውስጥ የተከማቸው ኃይል አዲስ የኳርክና የፀረ ኳርክ ጥንድ ይወልዳል፤ ነጻ ኳርክ አይወጣም።

ሁሉም በዚህ አይስማማም። በኮምፒውተር የሚሠሩ ስሌቶች ቱቦ መኖሩን ያሳያሉ፤ ቅርጹን ከሱፐርኮንዳክተር እኩልታ ጋር ሲያስተያዩትም በዓይነት አንድና በዓይነት ሁለት ድንበር አካባቢ ይውላል። ተቺዎች ግን ሥዕሉ በተመረጠው የሒሳብ አቀማመጥ ላይ የተመረኮዘ ነው ይላሉ፤ «የማዕከል አዙሪት» የተባለ ተፎካካሪ ሥዕልም አላቸው። ሌላም ቁምነገር አለ፤ ቱቦው ራሱ የፌምቶሜትርን ግማሽና ከዚያ በላይ ይወፍራል፣ ፕሮቶን ደግሞ ራዲየሱ 0.84 ነው። ቱቦ ከርዝመቱ ጋር የሚቀራረብ ውፍረት ካለው ቱቦ መባሉ ራሱ ያጠራጥራል። ሥዕሉ ለተራራቁ ኳርኮች ጥሩ ነው፤ ለፕሮቶን ውስጥ ግን ከልክ በላይ ባይለጠጥ ይሻላል።

የተንሳፈፈ ሁሉ ሱፐርኮንዳክተር አይደለም

ወደ ኤልኬ-99 እንመለስ። ተቃውሞው በ104 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ድንገት የወረደው በውስጡ የነበረው የመዳብ ሰልፋይድ ቆሻሻ በዚያ ሙቀት ቅርጹን ስለሚለውጥ ነው። ንጹሕ ክሪስታሉ ሲሠራማ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ሆኖ ተገኘ። አንድ ጠርዙ ማግኔቱን ነክቶ ጋደል ማለቱም ደካማ መግነጢስነት ባለው ቁስ ሊሆን የሚችል ነው። ግራፋይትም በጠንካራ ማግኔቶች ላይ በክፍል ሙቀት ይንሳፈፋል።

የዓይነት ሁለት ሱፐርኮንዳክተር ምልክት ሌላ ነው። ቁራጩና ማግኔቱ መካከል 5 ሚሊሜትር ያህል ካርቶን ተደርጎ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ካርቶኑ ይወጣል። ቁራጩ ባለበት ርቀት ይቆያል፤ ሁሉም ነገር ሲገለበጥ ደግሞ ከማግኔቱ ሥር ተንጠልጥሎ ይቀራል። መግፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይወድቅ ነበር። የያዙት በችካል የተጠመዱ አዙሪቶች ናቸው።

በ1800 ሜትር ከፍታ ላይ

ይህን ሙከራ በባሕር ዳር ለመሥራት ብርቅ ነገር አያስፈልግም። ዋይቢሲኦ የሚሸጋገረው በ92 ኬልቪን አካባቢ ሲሆን፣ ላም የሚያዳቅሉ ባለሙያዎች የኮርማ ዘር የሚያቆዩበት ፈሳሽ ናይትሮጅን ከዚያ በታች የቀዘቀዘ ነው። መማሪያ መጻሕፍት 77 ኬልቪን የሚሉት በባሕር ወለል ነው። በጣና ከፍታ የአየር ግፊቱ 82 ኪሎፓስካል ገደማ ስለሆነ ናይትሮጅን የሚፈላው በ75.5 ኬልቪን አካባቢ ነው፤ የሙቀት መለኪያውን በ77 የሚያስተካክል ተማሪ ከመነሻው ተሳስቷል። አንድ ሊትር ፈሳሽም እዚህ ሲተን ከ800 ሊትር በላይ ጋዝ ይሆናል። ስለዚህ ዕቃው በጥብቅ አይከደንም፣ ክፍሉ መስኮቱ ይከፈታል።

ተቃውሞ ሲለካ አራት ሽቦ ያስፈልጋል። ሁለቱ ውጪኞቹ ከረንት ያስገባሉ፣ ሁለቱ ውስጠኞቹ ቮልቴጅ ያነባሉ። በሁለት ሽቦ ብቻ የለካ ሰው የመገጣጠሚያውን ተቃውሞ ስለሚያነብ ዜሮን ፈጽሞ አያይም። የሚነበበው ማይክሮቮልት ስለሆነ በሽቦዎቹ ጫፎች የሙቀት ልዩነት የሚፈጠረው ቮልቴጅ ብቻውን ሊውጠው ይችላል፤ ከረንቱን አቅጣጫ እየገለበጡ ሁለት ጊዜ አንብቦ ልዩነቱን ለሁለት ማካፈል ይህን ያጠፋል። ከሁሉ በላይ ቁራጮችን የሚገድለው ውሃ ነው። ዋይቢሲኦ ከእርጥበት ጋር ይዋሐዳል፤ ከናይትሮጅን ሲወጣ የሚይዘው አመዳይ ሲቀልጥ ፊቱን ያበላሸዋል፣ በሐይቁ ዳር ክረምት ደግሞ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። በደረቅ ሞቃት አየር አድርቆ ከሲሊካ ጄል ጋር መከደን ዓመታት ያቆየዋል።

ናይትሮጅን ባይገኝ የአዙሪቶችን እንቅስቃሴ በተራ ኮምፒውተር ማስላት ይቻላል። ጥንቃቄው አንድ ነው፤ ስሌቱ ቁሱን በነጥቦች የሚከፋፍልበት መረብ ክፍተት ከእምብርቱ ስፋት ግማሽ ባይበልጥ ይመረጣል። ከሰፋ አዙሪቶቹ በመረቡ ነጥቦች ላይ ይያዙና በተፈጥሮ የሌለ ፒኒንግ ይታያል፤ የሚወጣው የከረንት ጣሪያም የቁሱ ሳይሆን የመረቡ ይሆናል።

የኃይል መስመሩስ?

ዛሬ በገበያ ያለው የዋይቢሲኦ ዓይነት ሪባን 4 ሚሊሜትር ስፋት ኖሮት በናይትሮጅን ሙቀት ከ100 አምፔር በላይ ይሸከማል፤ ሱፐርኮንዳክተሩ ንብርብር ራሱ የማይክሮሜትር ያህል ውፍረት ብቻ ነው። በጀርመን ኤሰን ከተማ 1 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው፣ በ10 ኪሎቮልት 40 ሜጋዋት የሚያስተላልፍ ገመድ በ2014 ሥራ ጀምሯል። ደጋፊዎች ይህን እያሳዩ ጊዜው ደርሷል ይላሉ፤ ቦታ በጠበበበት የከተማ መሐል ትክክል ናቸው።

ለረጅም መስመር ግን ሒሳቡ ይከብዳል። ከረንቱ በሰከንድ 50 ጊዜ ሲመላለስ አዙሪቶች በየግማሽ ዙሩ ይገባሉ ይወጣሉ፤ ይህ በቀጥተኛ ከረንት (ዲሲ) ይቀራል። ከውጭ የሚሰርገው ሙቀት ግን ገመዱ ኃይል ቢያስተላልፍም ባያስተላልፍም አለ። ጥሩ የቫኪዩም መከለያ ያለው ገመድ በሜትር 1 ዋት ብቻ ያስገባል እንበል። 100 ኪሎ ሜትር ላይ 100 ኪሎዋት ነው። በዚህ ሙቀት 1 ዋት ለማውጣት ማቀዝቀዣው ከ15 እስከ 20 ዋት ይበላል፤ ስለዚህ ሌት ተቀን እስከ 2 ሜጋዋት ለማቀዝቀዝ ብቻ፣ በየተወሰነ ኪሎ ሜትሩም የማቀዝቀዣና የፓምፕ ጣቢያ። ከወላይታ ሶዶ ወደ ኬንያ የሚሄደው 500 ኪሎቮልት ቀጥተኛ ከረንት መስመር በተራ አሉሚኒየም 2,000 ሜጋዋት እንዲሸከም ተሠርቷል፤ ቮልቴጁን ከፍ ማድረጉ ብክነቱን አብዛኛውን ቀንሶታል።

በክፍል ሙቀት የሚሠራ ቁስ ቢገኝ ማቀዝቀዣው ይቀራል። አዙሪቶቹ ግን ይኖራሉ፤ ያ ሁሉ ሙቀት ከችካላቸው ሲነቀንቃቸው ደግሞ በ77 ኬልቪን ከሚሆነው አራት እጥፍ ገደማ ብርቱ ነው። እንዲህ ያለ ቁስ ተቃውሞው በእርግጥ ዜሮ ሆኖ በመስክ ውስጥ ስንት አምፔር እንደሚችል ሳይለካ ለመስመር ይበቃል አይበቃም ማለት አይቻልም። ቀጣዩ ዜና ሲመጣ በመጀመሪያ መታየት ያለበት ሰንጠረዥ ይኸው ነው፤ ከረንቱ በካሬ ሚሊሜትር፣ በ1 ቴስላ መስክ፣ በ1 ማይክሮቮልት በሴንቲሜትር መስፈርት። በባሕር ዳር ሰፈሮች መብራት የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ የተጨናነቀ ትራንስፎርመርና ያረጀ ዝቅተኛ ቮልቴጅ መስመር ሲሆን፣ ለነሱ መድኃኒቱ አዲስ ትራንስፎርመርና ወፍራም አሉሚኒየም ነው።